ቡና የሚመስለው ሽቦ

መስከረም 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልጃችን ፈርሐት ለአዲስ ዓመት ከጅማ ስትመጣ ይህን ደብተር ይዛልኝ መጣች። «እማ፣ አባ ላይ ከምትጮኺ እዚህ ላይ ጩኺ» አለችኝ። ወልዶ መመከር! ግን ወረቀቱ ደህና ነው፤ ዝም ብዬ ከማስቀምጠው ልጻፍበት።

እሺ፣ የመጀመሪያው ጩኸት። ባሌ ኢስሃቅ ለአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ሲል ምሳውን አይበላም። ሱቃችን አንድ ነው፤ በቀኝ የእኔ ጨርቅና ክር፣ በግራ የእሱ የሬዲዮ መጠገኛ። ኮምፒውተሯ እሱ ጋ ጥግ ላይ ነው የምትቀመጠው። ቦንጋ ውስጥ ሰው ኮምፒውተር የሚባለውን በወሬ ብቻ በሚያውቅበት ጊዜ፣ ሥራውን ጨርሶ ከሚሄድ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ ገዝቶ እንደ ሙሽራ በጭነት መኪና አመጣት። ጥቁር መስታወቷ ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ ነው የምታወጣው። እንዲህም ሆና፣ ዛሬ በየቢሮው ጸሐፊ ነን ብለው የሚኮሩት ግማሾቹ ጣታቸውን የፈቱት በእሷ ነው። ያስተማራቸውም እሱ ነው።

ነሐሴ ላይ መብረቅ መታትና ፓወር ሰፕላይ የሚሉት የብረት ሳጥኗ ተቃጠለ። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት ለእሷ ኃይለኛ ስለሆነ፣ እያለዘበ የሚያጎርሳት ያ ሳጥን ነው ብሎ አስረድቶኛል። ምትክ ከአዲስ አበባ አዟል። እስኪመጣ ድረስ ሰውዬው እንደ በሽተኛ ጠያቂ አጠገቧ ቁጭ ብሏል።

መስከረም 9

ምትኩ በአውቶቡስ መጣ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ። ያገለገለ ነው። የዚህ ዓይነቱ አዲስ ከቀረ ቆይቷል አሉ።

ኢስሃቅ መጀመሪያ አሸተተው። ወላሂ አሸተተው! ቀጥሎ እንደ ሐብሐብ መታ መታ አደረገው። ከዚያ የመኪና መብራት አምፖል አምጥቶ ሽቦው ጫፍ ላይ አሰረበት። «ባዶ ሆዱን አይነሳም፤ የሚሸከመው ነገር ይፈልጋል» አለኝ። ሶኬት ላይ ሲሰካው ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞረና ቆመ። ከዚያ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ብቻ።

እኔ «ሞቷል፣ የሞተ ሸጡልህ» አልኩ። እሱ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«አልሞተም» አለ። «ፈርቷል።»

«ሳጥን ይፈራል እንዴ?»

«ውስጡ የሚያፈስ ነገር አለ። እንዳይቃጠል ብሎ እየተነሳ ራሱን ያጠፋል። ብልጥ ነው።»

ሌላ ሰው ይህን ቢናገር እስቅበት ነበር። የሱቁ መብራት ደከመብኝ ስላለ ትልቅ አምፖል ገዝቼ ሰቀልኩለት። «አሁንስ?» ብለው «ያው ነው» አለ። የቦንጋ መብራት እንደሆነ ጠባዩ ይታወቃል።

መስከረም 13

ሥራ በዛ። የመስቀል ገበያ። ጨርቅ ስቆርጥ ዋልኩ፣ ክንዴ ዝሏል።

ሳጥኑ አሁንም ቲክ ቲክ። ሻይ ሳቀርብለት ብርጭቆውን ትቶ አየር ጨበጠ። ሐሳቡ ሁሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

መስከረም 15

ጎረቤታችን እትዬ በዛወርቅ ጫማ ትሸጣለች። ግድግዳችን ጣውላ መሆኑን ትረሳዋለች መሰለኝ። ለአንዷ ደንበኛዋ ስታወራ ሰማኋት፤ «የኢስሃቅ እጅ እኮ እንደ ድሮው አይደለም! የአጎቴን ሬዲዮ ጠግኖ ሲመልስ፣ የድምፁን ቁልፍ ጣቢያ መፈለጊያው ላይ ገጥሞት አረፈ።»

ሜትሬን እንደያዝኩ ወጣሁ። «እትዬ በዛወርቅ፣ አጎትዎ ሬዲዮውን ተደግፈው እየተኙበት ቁልፉ ባይዞር ነው የሚገርመኝ!» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ግን አልጣፈጠኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ በዚያ በኩል ያለው ይህን ሁሉ አልሰማም።

ሱቅ ስዘጋ የተጠገኑትን ሬዲዮዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዱ ልክ አልነበረም። አስተካከልኩት። አልነገርኩትም፤ ቸኩሎ ነው።

መስከረም 21

ዛሬ ያየሁትን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሳጥኑን ከፈተው። ከመክፈቱ በፊት ነቅሎ አሳደረው፤ «ከሶኬት ተነቅሎም ይናከሳል» ብሎ። ሲነካውም አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በአንድ እጁ ብቻ ነው የሠራው። መብራት በሁለቱ እጅ በኩል አልፎ ልብ እንዳይመታ ነው አሉ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ጫት የደበቀ እየመሰለኝ ስጠረጥረው ኖሬያለሁ!

ውስጡ እንደ ትንንሽ ጣሳ የቆሙ ነገሮች አሉ፤ ካፓሲተር ይላቸዋል። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጣቱን የሙስበሃ ዶቃ እንደሚቆጥር ሰው በየአናታቸው ላይ አሳለፈ። አንዷ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ነካት። «ይቺ ነፍታለች» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ምንም የለም። ጣቴን አስቀመጥኩ። አናቷ እንደ ሽምብራ ጉብ ብሏል። ዓይኔ ያላየውን ጣቱ አየ። አሽትቺ ሲለኝ አሸተትኩ፤ የበሰበሰ ዓሣ።

«በዓይኔ ባየው ኖሮ አልፈው ነበር» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የዚህን ሰው ጣት ሳይ አባቴ ቤት ትዝ አለኝ። ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው። አባቴ ከደሴ መጥቶ እዚህ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ሬዲዮአችን ጣቢያ አልፈልግ አለና አንድ ቀጭን ልጅ ተጠርቶ መጣ። ያን ጊዜ የሬዲዮውን ቀስት የሚጎትተው ክር ነበር፤ ተበጥሷል። «ጠንካራ ክር አለ?» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። አባቴ እኔን ላከኝ። ክሩን ሰጠሁት፤ ማንም በማያየው ጨለማ ጥግ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ አስሮ አወጣው። ሬዲዮው ዘፈነ። በዚያው ዓመት ተጋባን። ለሰው ስናገር በቤተሰብ ነው የተሰጠሁት እላለሁ፤ እውነቱ ግን ያ ቋጠሮ ነው የወሰደኝ።

ጥቅምት 1

የዓይን ሐኪሞች መጥተው ነበር። መስጊድ ውስጥ ተነገረ፣ ፈርሐትም ከጅማ ደወለች፤ «እማ፣ ጎትተሽ ውሰጂው» አለችኝ። ለምን እንደምትል አልጠየቅኋትም።

ጎትቼ ወሰድኩት። ዶክተሯ ወጣት ናት። አምፖሏን ዓይኑ ላይ አበራች፣ ወዲያ ይመልከቱ፣ ወዲህ ይመልከቱ አለችው። ሁለቱም ላይ ሞራ ነው። የቀኙ በስሎ አልፏል፤ ከቆየ ግፊት ያመጣል፣ ያኔ ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም አለች። ለኅዳር 5 ጅማ ቀጠሮ ሰጠችን። ካለፈ ተራው የሚደርሰው ከክረምት በኋላ ነው።

እሱ ምን አለ? «ትንሽ ነው የሚያስቸግረኝ፤ ጭጋግ ነው።» ከዚያ መንገድ ላይ፣ «ሁስና፣ ይቺ ኮምፒውተር ሳትነሳ ወላሂ ከቦንጋ አልወጣም!»

ስናደድ አንቱ እለዋለሁ። «እርስዎ ከቆርቆሮና ከዓይንዎ የቱን ይመርጣሉ?» አልኩት። እስከ ቤት ድረስ ክንዴን ይዞ ሄደ። እኔ ደግሞ በፍቅር ነው ብዬ ስንት ወር...

ተይው ሁስና።

ጥቅምት 5

ተነሳ! ሳጥኑ ተነሳ! ከአሮጌው ሳጥን ያልተቃጠለች ካፓሲተር ነቅሎ ለዚህኛው ተከለለት። ማራገቢያው ዞረ፣ የመኪናው አምፖል ቦግ አለ። ቲክ ቲክ የለም። እዚያው ተቃቅፈን ቆምን፤ እትዬ በዛወርቅ ገብታ አይታን «ምነው በቀን!» ብላ ወጣች።

ጥቅምት 8

ደስታችን አልሰነበተም። የሳጥኑ ማብሪያ ፕላስቲኩ ፍርፍር ያለ ኖሮ እጁ ላይ ተፈረካከሰ። አራቱም ሽቦ ተለቀቀ። የቱ ከየት እንደነበር ድሮ ቢሆን አንዴ አይቶ ይይዘው ነበር።

አዲስ አበባ ላለው ሻጭ ደወለ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። «ቡናማው ከጥቁሩ ጋር አንድ ወገን፣ ሰማያዊው ከቀዩ ጋር አንድ ወገን። ከተምታታ ሶኬቱ ላይ ነው የሚጋጠሙት፤ ይፈነዳል!» አለው። ኢስሃቅ እንደ ዱዓ ደጋገመው።

ዋጫ ሄጄ ለቅሶ መድረስ አለብኝ፤ የአክስቴ ልጅ ባል ሞቷል። «እስክመለስ ምንም እንዳትነካ» አልኩት። «እሺ» አለ። እሺ ሲል አላምነውም።

ጥቅምት 11

ከዋጫ ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ መብራት አለው፤ የእኛ ሱቅ ብቻ ጨለማ። በሩ ላይ ባፈና ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ባፈና የማንኪራ ሰው ነው፤ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል፤ ከኢስሃቅ ጋር ወዳጅነታቸው ከእኔ ትዳር ይበልጣል። ሬዲዮውን ሊወስድ መጥቶ ነበር።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ባፈና። «መነጽሬን ረሳሁ፣ አንተ እይልኝ አለኝ። ቡና የሚመስለው ሽቦ የቱ ነው አለኝ። አሳየሁት። ከዚያ ዷ! አለ።»

ውስጥ ገባሁ። ኢስሃቅ ደህና ነው፤ አንድ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ያች ኪስ! ከአንድ ሬዲዮ ፈቶ የገጠመው ማብሪያ ተቃጥሏል፣ ቆጣሪው ዘግቷል። በባትሪ አበራሁና ሽቦዎቹን አየሁ። ጥቁሩ ከቀዩ ጋር ተበይዷል። ቡናማው ደግሞ ከሰማያዊው ጋር።

«ባፈና! ቡና የሚመስል ተብለህ ቀይ ታሳያለህ?»

«ታዲያ ቡና ቀይ አይደለም?» አለኝ። ጣቶቹን ዘረጋልኝ፤ ገና የትናንት ለቀማው ቀለም አለባቸው። «ከዛፍ ላይ ቀይ ነው የማወርደው።»

«ቡናማ ማለት የተቆላው ነው እንጂ!»

«የተቆላው የሰው ሥራ ነው። ቡናው ራሱ ቀይ ነው።»

ምን ይመለስለታል? በቃኝ ብዬ መሳቅ ጀመርኩ። ባፈናም ሳቀ። ከዚያ ኢስሃቅን አየሁት፤ አይስቅም። ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ነበሩ። ቀይና ቡናማ። በእጁ ይዟቸው ነው የበየዳቸው። መሳቄን አቆምኩ።

ጥቅምት 12

ትናንት ባፈና ከሄደ በኋላ ጠየቅኩት። «አንተ ራስህ አላየኸውም?»

«ሁሉም አመድ ነው ሁስና» አለ። «ቀዩም፣ ሰማያዊውም። ከረመዳን በፊት ጀምሮ ሁሉም አመድ ነው።»

አምፖል ስቀይር፣ ቁልፍ ሳስተካክል፣ ብርጭቆውን ወደ እጁ ሳስጠጋ የነበርኩት እኔ ነኝ። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ደግሞም አውቄያለሁ ማለት አልችልም። ለደንበኛ ከሃያ ዓይነት ሰማያዊ ውስጥ የምትፈልገውን ለይቼ የማወጣ ሴት፣ የባሌን ዓይን መልክ ሳልለይ!

«ታዲያ ጅማ እንሂድ። ለምን እንቢ ትላለህ?»

የተቃጠለውን ማብሪያ በጣቱ ዳሰሰ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም፤ ግን ቻልኩ።

«ጅማ ሄጄ ጨለማ ይዤ ብመለስስ?» አለ። «የመጨረሻ ሥራዬ ጀምሬ የተውኩት እንዲሆን አልፈልግም። ትንሽ ብርሃን ሳለኝ ላንሳት። እሷን ካነሳሁ እሄዳለሁ።»

ይህ ሰው ግትር ነው ብዬ ስንት ቀን ሰደብኩት! ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠረግሁና፣ «አንተ አልሞትክም ኢስሃቅ፤ ፈርተሃል» አልኩት።

«ቲክ ቲክ እያልኩ ነው በይኛ» አለ። እዚያ ሐዘን መሐል አሳቀኝ።

ጥቅምት 14

መርፌ እንኳ የማይታጣበት የክር ሱቅ ይዤ ምን አስጨነቀኝ? ዛሬ ዝም ብዬ ክር ቆረጥኩ። ለቡናማው ሽቦ አንድ ቋጠሮ። ለጥቁሩ ሁለት። ለሰማያዊው ሦስት። ቀዩን ባዶውን ተውኩት። ሰጠሁት።

በጣቱ ዳሰሰ፣ እንደገና ዳሰሰ። ፊቱ እንዴት እንደሆነ መጻፍ አልችልበትም። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«አንድ ቀጭን የሬዲዮ ጠጋኝ» አልኩት።

ጥቅምት 17

ባፈና ለካሳ ብሎ ማር ይዞ መጣ። አልቀበልም ብለው፣ «ለዓይኑ ነው፣ ላንቺ አይደለም» አለኝ። ከኢስሃቅ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ፤ «እኔ ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ ስወጣ በየጊዜው እፈራለሁ። የወጣሁት ሁሉ ስላልፈራሁ አይደለም። ማሩ እላይ ስለሆነ ነው» ይለዋል። ኢስሃቅ ማሩን ቀመሰ።

ማሙሽም ብቅ አለ፤ ፊት ለፊታችን ሞባይል የሚጠግነው ልጅ። ባለፈው «ጋሼ፣ ይህንን ለቁራሌው ይስጡና ላፕቶፕ ይግዙ» ስላለው አኩርፌው ነበር። ዛሬ ከተጣለ ማተሚያ የፈታውን ደህና ማብሪያ አመጣ። ኢስሃቅ ዓይኑን ጨፍኖ ቋጠሮ እየቆጠረ ሲበይድ ቆሞ አየው። «ዓይኔን ስከፍት ያሳስተኛል፤ ስጨፍን ይሻለኛል» ይለዋል ኢስሃቅ፤ የቀለጠው ሊድ ጠብ ሳይል፣ ሽቦው ሳይጎብጥ። ማሙሽ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሲወጣ በጆሮዬ፣ «እትዬ ሁስና፣ እኔ በመብራትም እንዲህ አልበይድም» አለኝ። ኩርፊያዬ ለቀቀኝ።

ማብሪያውን ጫንኩ። ሳጥኑ ሰላም ነው። ቀስ ብሎ ያናፍሳል።

ጥቅምት 22

ሳጥኑን ኮምፒውተሯ ሆድ ውስጥ ገጠምነው። ሁለት ሰፋፊ መሰኪያ አለው፤ መሐል ላይ ጥቁር ከጥቁር ካልተገናኘ መሰኪያዎቹ የሚገቡበት ሰሌዳ ይነዳል አለ። ጥቁሮቹን ሁሉ ቋጠርኳቸው፤ በጣቱ አገናኛቸው። በስመላህ ብዬ ጫንኩ።

ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት 26

አረፋ ነው። ፈርሐት መጥታለች። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ሥጋው፣ ልጆቹ፣ ጫጫታው። ኢስሃቅ ይስቃል፣ ይቀልዳል፤ ሳቁን ግን አውቀዋለሁ። ፈርሐት ማድ ቤት ይዛኝ ገብታ «እማ፣ ቀጠሮው ደረሰ እኮ!» አለችኝ። «አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩባት። ደብተሩ አልጠቀመም።

እሷ ምን ታድርግ? እኔ ያችን ቆርቆሮ ከማንም በላይ እጠላታለሁ። ደግሞ አላህ እንዲያስነሳት ከማንም በላይ የምለምነው እኔ ነኝ።

ኅዳር 1

ተኝቶ ሳለ መጣለት። ለሱብሒ ስንነሳ፣ «ሁስና፣ ሳጥኑ እኮ ለብቻው ደህና ነው። ታዲያ የሚያስፈራው ሳጥኑ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። እሷ ውስጥ ያለ ነው!» አለኝ። ሶላቱን እንዴት እንደጨረሰ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሱቅ ገባን። በሆዷ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ተደርድረው የቆሙ ሰሌዳዎች አሉ። አንዱን ነቅሎ «ጫኚ» ይለኛል። እጭናለሁ። ቲክ። ይመልሰዋል፣ ሌላውን ይነቅላል። ቲክ። እያንዳንዱን ሲነቅል ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። አንዷ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። «መብረቁ እዚህ ነው ያደረው» አለኝ። «ጫኚ።»

ጫንኩ።

ማራገቢያው ሳይቆም ዞረ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጲጵ አለች። ኢስሃቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፍሎፒ የሚሏትን ስስ ዲስክ ከተትኩላት፤ እየተንገራገጨች አነበበች። ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል መጣ።

«ምን ትላለች?» አለኝ። እሷ ፊት ለፊቱ ናት፤ እየጠየቀ ያለው እኔን ነው።

በሚገባኝ እንግሊዝኛ ቆጠርኩለት። «ቀን ትጠይቃለች መሰለኝ። አንድ፣ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ... ሰማንያ። ኢስሃቅ! ሰማንያ ትላለች!»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ናት» አለ። «ስትነሳ የምታውቀው ያንን ዓመት ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ቀን እየጻፍኩ አስተካክላት ነበር።»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት በዚያ በኩል ጨርቅ ስለካ፣ ይሄ ሰውዬ በዚህ በኩል ጠዋት ጠዋት ከሰማንያ ይነሳ ነበር! የዛሬውን ልጻፍላት ብዬ ጣቴን አነሳሁ። እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለ። «የፈረንጅ ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። ተይው ግን። በሰማንያ ዓይኔ ደህና ነበር። ክር ይዘሽ ስትወጪ ቀይ ሻሽ አድርገሽ ነበር። መሬት የማይ መስሎሽ ነው እንጂ፣ አይቼሻለሁ።»

ከዚያ ተነሳና ማብሪያውን ራሱ አጠፋው። «ልብሴን አዘጋጂ፣ እንሂድ» አለኝ።

ኅዳር 4

ጅማ። ጎጀብን ስንሻገር መስኮቱን አስከፈተኝ፤ ውሃውን ልስማው ብሎ። አንዱን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ሌላኛውን እኔ ይዣለሁ።

ኅዳር 5

ገባ። ወጣ። ቀኝ ዓይኑ ተሸፍኗል። ነገ ይፈታል።

ኅዳር 6

ዛሬ ጠዋት ፈርሐትን ገበያ ልኬ ቀይ ሻሽ አስገዛሁ። «እማ፣ አንቺ ቀይ አታደርጊም እኮ!» አለችኝ። «ዝም ብለሽ አምጪ» አልኳት።

ዶክተሯ ያችው ቦንጋ የመጣችው ናት። ፋሻውን ፈታች፣ ጠረገች፣ «ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ አቶ ኢስሃቅ» አለችው። ከፈተ። ጨፈነ። እንደገና ከፈተ። እንባ ነው፣ ብርሃን ነው፣ ፊቱን አጨማደደ። እኔ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ብቻ ነው የምለው።

ዶክተሯ ወደ እኔ ጠቆመችው። «የባለቤትዎ ሻሽ ምን ቀለም ነው?»

አየኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ እንደዚያ ካየኝ ቆይቷል። ፈርሐት ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ቡና» አለ።

የዶክተሯ ፊት ጨለመ። «ቡናማ ነው የሚሉኝ? እስቲ ደግመው ይዩት።»

«ቡና ነው ያልኩሽ፣ ልጄ» አለ ኢስሃቅ፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቁን ይዞ። «የማንኪራ ቡና። ከዛፉ ላይ ያለው።»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እኔም አልለየሁትም። ፈርሐት ደነገጠች፣ ነርሶቹ እየሮጡ መጡ፣ ዶክተሯ ብዕሯን ይዛ ቆማለች።

«ልክ ነው ዶክተር!» አልኳት። «ልክ ነው፣ ይጻፉት!»